ማን ሞቶባት ነው?

ስልኬ ላይ 43 ሰከንድ የምትሆን ቪዲዮ አለች፣ ማጥፋት አቅቶኛል። የቀረጸቻት ሜካፕ አርቲስቷ ናት፣ ለቲክቶኳ ብላ፣ ያው «ከካሜራ ጀርባ» ምናምን የሚባለው ነገር። ሞዴሏ መሀል ላይ ቆማለች፣ ጋሼ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ያነሳል፣ ስታይሊስቷ መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ ከጎን ትጠብቃለች። እኔ ጥግ ላይ ነኝ፣ ከአገጬ እስከ ጉልበቴ የሚሸፍን፣ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሪፍሌክተር ይዤ። 19ኛው ሰከንድ ላይ አፌን እከፍታለሁ። 21ኛው ላይ እዘጋዋለሁ። በቃ ይሄው ነው። የማያውቅ ሰው ቢያየው ልጅቷ አዛጋች ነው የሚለው።

እኔ ግን ምን ልል እንደነበር አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ነጠላው» ልል ነበር። ሁለት ቃል። እነዚህን ሁለት ቃላት ለምን እንደዋጥኳቸው ሳስብ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ይሄው አሁንም እያሰብኩ ነው። ከጭንቅላቴ ካልወጣልኝ በወረቀት ይውጣልኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አይን ያለው አፍ የሌለው

ኢንተርን ሆኜ የገባሁት አንድ ስም ያለው ፎቶግራፈር ጋር ነው። ስሙን አልጠራም፣ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፣ የምጠራውም እንደዛ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስለው «አስረጀሽኝ እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ፣ አንተ ብቻ ማለት ደግሞ ከአፌ አልወጣ አለ፣ ስለዚህ «ጋሼ አንተ» የሚባል የሆነ መሀል ቤት ላይ ተስማማን።

«ፋሽን ሹት ላይ ነው የምሰራው» ብዬ ለጓደኞቼ ያወራሁ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት ገመድ በመጠቅለል ነው። ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ላይት ስታንድ ንፋስ እንዳይጥለው እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጥላለሁ፣ ቀሚስ በስቲመር አሳልፋለሁ፣ ማኪያቶ አመጣለሁ፣ ጾም ሲሆን ማኪያቶው ሻይ ይሆናል። ካሜራ የነካሁት ቦርሳ ውስጥ ሳስገባው ብቻ ነበር።

ስለ ሪፍሌክተሩ ግን ትንሽ ላውራ ምክንያቱም ያዋረደኝ እሱ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ትልቅ ክብ ነገር ነው፣ ዳሩ ላይ የሚተጣጠፍ ብረት አለው፣ ከቦርሳው ስታወጡት በራሱ ጧ ብሎ ይዘረጋል። መዘርጋቱን ማንም ይዘረጋዋል። ማጠፉ ነው ጉዱ። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ እንደ 8 ቁጥር ጠምዝዛችሁ ነው የምታጥፉት፣ እጃችሁ ከሳተ ግን ተፈናጥሮ ፊታችሁን ይላችኋል። የመጀመሪያ ቀን ደንበኛው ቆሞ እያየ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ በሦስተኛው የሞዴሏን ሻይ ደፋሁ። ጋሼ ምንም አላለኝም፣ መጥቶ በሁለት ሰከንድ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋውና ሰጠኝ። ማታ ቤት ወስጄው ሳሎን ውስጥ ስለማመድ እናቴ «ምንድነው እሱ፣ ሰፌድ ነው?» አለችኝ። ከዛ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሰፌድ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ አንድ ሕግ አለው፣ ለሚመጣ ኢንተርን ሁሉ ነው የሚነግረው፦ «አሲስታንት አይን አለው፣ አፍ የለውም።» እውነቱን ለመናገር ሕጉ ምክንያት የለውም አልልም። ሹት ላይ አስር ሰው ካለ አስር አስተያየት አለ፣ አንዱ «ትንሽ ፈገግ» ሌላው «አይ ኮስተር» ካለ የሞዴሏ ፊት ይበተናል፣ እና አንዴ የተበተነ ፊት ለመሰብሰብ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ብርሃኑን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዝም አልኩ። እናቴም «ዝም አይነቅዝም» ስትል ነው ያደግኩት፣ ዝምታ ላይ ጎበዝ ነኝ። እንደውም በሁለተኛው ወር ጋሼ ለሌላ ሰው በስልክ ስለኔ ሲያወራ ሰማሁት፣ «ጥሩ ልጅ ናት፣ አትናገርም» አለ። ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል ግን ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት

ስራው የፋሲካ ኮሌክሽን ነበር። ፋሲካ ላይ የሚሸጥ ቀሚስ በጾሙ ነው ፎቶ የሚነሳው፣ ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ ሁሉም ሰው የበያይነት ሰዓት እየጠበቀ ነው። መጋቢት ነው፣ ቦታው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ መውጫ ያለ አሮጌ ግቢ፣ የድንጋይ አጥር፣ ከኋላው ባህር ዛፍ። ጠዋት 1 ሰዓት ደረስን፣ ሁለት ቀሚስ ግን አልደረሰም፣ ሸማኔው ጋ ነው ያለው ተባለ፣ እኔና ስታይሊስቷ ሽሮ ሜዳ ወርደን ጠበቅን። ጓዳው ውስጥ ሦስት ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ይሸምናል፣ ሬዲዮ በጋሞኛ ይሁን በምን የሆነ ዘፈን ይዘፍናል፣ አንዱ የጥለቱን ክር በጣቱ አንድ በአንድ እየቆጠረ ያሳልፋል። ቀና ብሎ እንኳን አላየንም። የአንዱ ነጠላ ጥለት ወርቅማና አረንጓዴ ነበር፣ በጣም ያምራል፣ ስታይሊስቷ በስልኳ አነሳችው።

ስንመለስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሦስት ሰዓት ማለት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በመጋቢት ጉዳይ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ በመጋቢትም እዛው አካባቢ ናት። ነሐሴን ደመናው ይሸፍናታል፣ መጋቢትን ማንም አይሸፍናት። ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ የሰው አይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳታንቀላፋ ያደረች ትመስላለች። ሪፍሌክተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ከታች ብርሃን መልሶ አይኗን ለማውጣት።

የኛ ሪፍሌክተር አምስት ገጽ አለው፣ ነጭ፣ ብርማ፣ ወርቃማ፣ ጥቁር፣ እና መሀሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ወርቃማውን ነበር የገለበጥኩት፣ ለጠይም ፊት ሙቀት ይሰጣል የሚል የሆነ ዩትዩብ አይቼ። ጋሼ ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝ። ፊቷ እውነትም አምሯል፣ አዲሱ ነጠላ ግን ቡና የተደፋበት መስሏል። «ልብሱን ነው የምንሸጠው» አለኝ፣ «ነጩን አድርጊ።»

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ማስታረቅ ከባድ ስራ መሆኑን ጋሼ ጋ ከመግባቴ በፊት አላውቅም ነበር። የካሜራው ሜትር፣ ብርሃን የሚለካው ነገር፣ ዓለም ሁሉ መሀል ግራጫ፣ 18 በመቶ የሚሉት ግራጫ፣ ይመስለዋል። ነጭ ፈትል ሲያይ ይደነግጣል፣ በጣም በራ ብሎ ያጨልመዋል፣ ነጠላው አመድ ይሆናል፣ ፊቷ አብሮ ይጠፋል። ለፊቷ ብለሽ ስታበሪ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፣ ክሩ፣ ሽመናው፣ ያ ሰውዬ በጣቱ የቆጠረው ነገር ሁሉ ባዶ ነጭ ይሆናል። ጋሼ ሜትሩን ጭራሽ አያምነውም። ከጉንጯ ላይ ያነባል፣ ከዛ በራሱ ግምት ያስተካክላል። «ማሽኑን የሰሩት እኛን አስበው አይደለም» ይላል። በፊልም ዘመን ያሳለፈውን ነው የሚያወራው፣ ያኔ ላብራቶሪዎች የቀለም ማስተካከያ የሚያደርጉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ነገር ነበር፣ ፊልም አምራቹ ኮዳክ የሚልከው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ። የሷ ቆዳ ከተስተካከለ ሁሉም ተስተካክሏል ተብሎ ይታሰባል። ጥቁርና የእስያ ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። ጋሼ ይሄንን ሲያወራ አይናደድም፣ እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው፦ «ሸርሊ ሰርጋችን ላይ ሁሉ ነበረች፣ ማንም አልጠራትም እንጂ።»

ይሄን ሁሉ የማወራው ጋሼ የማያይ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። ከሱ በላይ የሚያይ ሰው አላውቅም። ለዛ ነው የሆነው ነገር ያልገባኝ።

ጥለቱን ወደ ላይ

አምስት ሰዓት ከምናምን ላይ ነው። የመጨረሻው ቀሚስ፣ ያ ወርቅማና አረንጓዴ ጥለት ያለው። ሞዴሏ ለብሳ ወጣች፣ ነጠላዋ እንደወጉ ነው፣ ጥለቱ ወደታች ወርዷል። ጋሼ ሃያ የሚሆን አነሳ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ፊቷ አካባቢ ያለው ሁሉ ነጭ ነው፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ግራጫ ነው፣ ቀለሙ በሙሉ ጉልበቷ ጋ ተከማችቷል። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ቀርቦ ሲያነሳት ደግሞ ጥለቱ ከፍሬም ውጪ ነው።

«ጥለቱን ወደ ላይ አምጪልኝ፣ ወደ ፊቷ» አለ ለስታይሊስቷ።

ስታይሊስቷ ሮጣ ሄደች። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሜካፑ እየቀለጠ ነው፣ የግቢው ባለቤት ስድስት ሰዓት ላይ ውጡ ብሎናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ እሷ ግን በደንብ ነው የታጠቀችው፣ ነጠላውን ገለበጠችው፣ ጥለቱን ከአንገቷ ስር በሁለቱ ትከሻ ላይ አመጣችው፣ በሁለት መርፌ ቁልፍ ከውስጥ ያዘችው፣ አንዲት እጥፋት እንኳን ሳታበላሽ። ፈቀቅ አለች።

እግዜር ያሳያችሁ፣ በጣም ነበር የሚያምረው። ወርቅማው ክር አገጯ ስር መጣ፣ እኔ የያዝኩት ሪፍሌክተር ብርሃኑ ክሩ ላይ አርፎ ከክሩ ወደ ጉንጯ የሆነ ቢጫ ነገር ወጣ፣ አይኗ በራ። ሞዴሏ ደክሟት ስለነበረ ፊቷ ጸጥ ብሏል፣ ወደታች ታያለች። ጋሼ «እዛው! እንዳትንቀሳቀሺ!» እያለ ያነሳል፣ ካሜራው ይንጣጣል፣ ላፕቶፑ ላይ አንድ በአንድ ይመጣል፣ ሜካፕ አርቲስቷ «ወይኔ ቀውጢ!» እያለች ስልኳን አወጣች።

እኔ ደግሞ እዛ ቆሜ ለቅሶ ቤት አየሁ።

የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም። ግን ለኔ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አያቴ የሞተች ቀን ነጠላ ያገኘሁትን ለብሼ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው ለብሼ። ሰው ሞልቷል፣ አልቃሽ ታለቅሳለች፣ እኔ ምንም አይታየኝም። አንዲት የጎረቤት እትዬ ከነ ከዘራዋ ተነስታ ድንኳኑን አቋርጣ መጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምንም ሳትሳቀቅ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ አነሳችው፣ ዘቀዘቀችው፣ መልሳ አለበሰችኝ፣ አንገቴ ጋ ጎተት አድርጋ «እንዲህ ነው ልጄ» አለችኝ። ተመልሳ ተቀመጠች። ያልተረጋጋው ነገር ሁሉ ያኔ ነው የተረጋጋው፣ አያቴ እውነት እንደሞተች የገባኝ ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም። ጥለቱ አንገቴን ይኮሰኩሰኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደዛው ነበር የምትለብሰው፣ የሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት ነጠላዋን ወደታች አድርጋ ከጓዳ ስትወጣ አየኋት፣ ምንም አልተባባልንም፣ ቡና አፈላን።

ይሄ ሁሉ ነው በሁለት ሰከንድ ውስጥ የመጣብኝ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ለምን? በመጀመሪያ ለራሴ የነገርኩት የጋሼን ሕግ ነው፣ አሲስታንት አፍ የለውም፣ አለቀ። ምቹ መልስ ናት፣ ጥፋቱን ወደ ሌላ ሰው ትወስድልኛለች። ግን እውነቷን ካወጣኋት አይደለም። ጋሼ እኮ ሰው አይበላም፣ አንድ ጊዜ የላይት ስታንዱ ሊወድቅ ሲል ጮኼ እንኳን አመስግኖኛል። ስታንድ ሲወድቅ አፍ ነበረኝ ማለት ነው። ታዲያ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ሆኜ ነው?

ሌላው ያሰብኩት፣ እዚህ ስምንት ሰው አለ፣ ስታይሊስቷ አለች፣ ሞዴሏ ራሷ አለች፣ ስህተት ቢሆን አንዳቸው ይሉ ነበር። ምናልባት ሆን ተብሎ ነው፣ ምናልባት ፋሽን ነው። አሁን እኮ ዲዛይነሮች ጋቢ ኮት ያደርጋሉ፣ ጥለት ጫማ ላይ ይሰፋሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ልብስ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጥ የሚል ሰው አይደለሁም። እና እኔ ማን ነኝ «ይሄ የሐዘን ነው» የምል፣ ገጠሬ፣ አክራሪ ልባል ነው እንዴ? ይሄኛው ትንሽ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

እውነቱ ግን ይሄ ይመስለኛል። እኔ እዛ ግቢ ውስጥ እውቀት ብዬ የምቆጥረው ጋሼ ያስተማረኝን ብቻ ነበር። ሜትር፣ ኤክስፖዠር፣ ነጩ ገጽ፣ ወርቃማው ገጽ። ጋሼ ያልተናገረው ነገር ላይ ስህተት ባይ ኖሮ፣ ለምሳሌ ፎከሱ አይኗ ላይ ሳይሆን ጆሮዋ ላይ ቢያርፍ፣ እፈራለሁ ግን በሆነ መንገድ እናገር ነበር፣ ምክንያቱም እሱ «ሙያ» ነው። ነጠላው ግን ሙያ አልመሰለኝም። ድንኳን ውስጥ ከአንዲት እትዬ የተማርኩት ነገር ነው፣ የቤት ነገር፣ የእናቴ ነገር፣ ሰፌድ። እዚህ ማርኬት ላይ የማይወጣ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፣ እኔ ደግሞ ገና ባለዕዳው ሳያየው ነበር ያቀለልኩት።

ጋሼ ስለ ሸርሊ ሲያወራ እንዴት እንደሳቅኩ ትዝ ይለኛል። ማሽኑ እኛን አያውቀንም፣ ሃሃ። ማሽኑ አያውቅም፣ ማሽኑ አጠገብ የቆመችው ግን ታውቅ ነበር እኮ።

ጋሼ መቶ ከምናምን ፍሬም አነሳ። «ፋሲካ ይሄ ነው!» አለ። አጨበጨብን። እኔም ሪፍሌክተሩን በብብቴ ይዤ አጨበጨብኩ። ከዛ አጠፍኩት፣ በአንድ ሙከራ።

ትንሣኤ ነው ስቅለት?

ፎቶዎቹ የወጡት በሕማማት ሳምንት ነው። ሐሙስ ማታ። እኔ ከሁሉ በፊት ያሳየሁት ለእናቴ ነው፣ ኩራት በሉት፣ ወይም የሆነ ነገር ልፈትን ፈልጌ ይሆናል፣ አላውቅም። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ ረጅም ሰዓት አየችው።

«እንዴት ታምራለች» አለች። ከዛ ዝግ ባለ ድምጽ፣ «ማን ሞቶባት ነው?»

ስላቅ አይደለም። እናቴ ስላቅ አታውቅም። በእውነት ነው የጠየቀችኝ፣ ያቺ ወደታች የምታይ ልጅ እናቷን ይሁን አባቷን ያጣች መስሏት። ልታጽናናት ነው የፈለገችው። «ማስታወቂያ ነው እማዬ፣ የፋሲካ ልብስ» አልኳት። ስልኩን መለሰችልኝና «እ» ብላ ወደ ስራዋ ሄደች። ያቺ «እ» ከኮሜንቱ ሁሉ በላይ ናት።

ኮሜንቱ ጠዋት ጀመረ። «ነፍስ ይማር»፣ «ለቅሶው የት ነው»፣ «ትንሣኤ ነው ስቅለት?»። ዕለቱ ደግሞ ስቅለት ነበር፣ ሰው ከስግደት ወጥቶ ነው ስልኩን የሚከፍተው፣ ከፎቶው በላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ተጽፏል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ከልቡ ተቆጥቷል፣ አንዷ ሴትዮ ረጅም ጽፋ እናቷን በዚህ ሳምንት እንደቀበረችና ፎቶውን ስታየው ምን እንደተሰማት አስረዳች። ከሰዓት ፖስቱ ጠፋ። ከ14ቱ ፎቶ የተረፉት ከጠዋቱ ያነሳናቸው አምስቱ ናቸው፣ ቆንጆዎቹ በሙሉ ሄዱ። ደንበኛው ጥፋተኛ ፈልጎ ስታይሊስቷን አገኘ። ልብሱን ያለበሰችው እሷ ናት አይደል።

ቅዳሜ ጋሼ ስቱዲዮ ጠራኝ። ሌላ ማንም የለም። ላፕቶፑ ላይ የሜካፕ አርቲስቷን ቪዲዮ ከፍቷል፣ ማን እንደላከለት አላውቅም፣ ቲክቶክ ላይ ራሱ አይቶት ይሆናል። 19ኛው ሰከንድ ላይ አቆመው። ግማሽ ፊቴ፣ የተከፈተ አፌ።

«እዚህ ጋ ምን ልትዪ ነበር?»

«ነጠላው ተዘቅዝቋል ልል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?» ተቆጥቷል፣ ድምጹ አይነሳም ግን ሲቆጣ ጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል። አስር ጊዜ ያሰብኩትን መልስ ልሰጠው ነበር፣ አሲስታንት አፍ የለውም ያልከኝ አንተ ነህ ልለው ነበር። ይሄም ከአፌ አልወጣም። የወጣው ሌላ ነው፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ያልከው አንተ ነህ። እሷ አይደለችም።»

ጣቱ ቆመ። ቪዲዮው እንደቆመ ነው፣ አፌ እንደተከፈተ ነው፣ እዛ ላፕቶፕ ላይ። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ አይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ቀለሙን ነበር ያየሁት» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። «ቀለሙን ብቻ።» ከዛ ሂጂ አለኝ፣ መልካም በዓል አለኝ። ሄድኩ። ስታይሊስቷን ደውሎላት እንደሆነ፣ ምን እንዳላት፣ ደንበኛው ጋስ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩም። ከፋሲካ በኋላ ግን በሚቀጥለው ሹት ላይ መርፌ ቁልፏን ነክሳ መጣች፣ ሰላም ስትለኝ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ሳመችኝ፣ ወይ ለኔ መሰለኝ።

«እ?»

ሕጉ በይፋ አልተሻረም። ጋሼ እንደዛ አይነት ሰው አይደለም፣ ስብሰባ ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ተናገሩ» የሚል። ግን አሁን አዲስ ልብስ ሲወጣ፣ የመጀመሪያውን ከማንሳቱ በፊት፣ ካሜራውን ከአይኑ ሳያነሳ «እ?» ይላል። ለማን እንደሆነ አይናገርም። መጀመሪያ ላይ ማንም አልገባውም ነበር፣ ሞዴሏ «አቤት?» ሁሉ ብላዋለች። እኔ ከሪፍሌክተሩ ጀርባ ከላይ እስከ ታች አያለሁ። ብዙ ጊዜ «ምንም» ነው የምለው። አንድ ጊዜ የመስቀል ሐብል ተገልብጦ ነበር፣ አልኩ፣ ተስተካከለ፣ ቀጠልን፣ አምስት ሰከንድ አልፈጀም። አምስት ሰከንድ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የቆዳ ጃኬት ነበር የምናነሳው፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ለአንድ ወጣት ዲዛይነር። ዲዛይነሩ ራሱ አለ፣ እጁን አጣምሮ ከጋሼ ኋላ ቆሟል። ጋሼ «እ?» አለ። አየሁ። የሞዴሉ ጃኬት ኪስ ስፌቱ ወደ ውጪ ነው፣ ክሩ ተንጠልጥሏል፣ በግልጽ ተገልብጧል። በዚህኛው አላመነታሁም፣ በልበ ሙሉነት፣ ሁሉም ሰው በሚሰማው ድምጽ፦

«ኪሱ ተገልብጧል።»

ጸጥ አለ። ዲዛይነሩ እጁን ከደረቱ አወረደ።

«ዲዛይኑ ነው» አለ።

ስታይሊስቷ መርፌ ቁልፏን ልትውጥ ነበር። ጋሼ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላው ይታየኛል፣ ካሜራውን ከአይኑ ላይ አላነሳውም ግን እየሳቀ እንደሆነ አውቃለሁ። «ይቅርታ» ብዬ ፊቴን ከሪፍሌክተሩ ጀርባ ልደብቅ ሳዞረው ዳሩ ከእጄ አመለጠ፣ ጧ ብሎ ተፈናጥሮ የጋሼን ሻይ ደፋው።